የሲቀላው ሳህን

ይበልጣል ስለ እግሩ ሲጠየቅ ወሬው እግሩ ላይ አያበቃም። «እግሬን ያሳበጠው አውቶቡስ ነው፤ ሊገድለኝ የነበረው ግን አፌ ነው» ይላል። ሰው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ በይበልጣል የሚሳቀው ይበልጣል በሌለበት ብቻ ነበር።

ከጎጃም ወጣት መምህር ሆኖ መጥቶ፣ ኋላ በዞኑ ትምህርት መምሪያ ሱፐርቫይዘር ሆኖ፣ አርባ ምንጭ ላይ ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው ጡረታ ወጣ። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ላይ፣ የጡረታ ወረቀቱን ሊያስጨርስ አዲስ አበባ ሄደና ሲመለስ ከሾፌሩ ጀርባ ያለችውን የመስኮት ወንበር በግፊያ አገኘ። በግፊያ የተገኘ ወንበር ደግሞ አይለቀቅም። አውቶቡሱ ሻሸመኔ ለምሳ ሲቆም ሁሉም ወረደ፤ ይበልጣል ቁጭ። ሶዶ ላይ ሰው እግሩን ሊያፍታታ ወረደ፤ ይበልጣል ቁጭ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፉ አልዞረም። ውሃ የጠጣ መውረዱ አይቀርም፣ የወረደ ደግሞ ከሰው ጋር ተደርድሮ ጎማ ሥር ይሸናል፤ ይህ ለአንድ ሱፐርቫይዘር አይመጥንም። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ፣ ቦርሳውን ታቅፎ፣ ክብሩን ጠብቆ ገባ። ክብሩ ደህና ነበር። ግራ እግሩ ግን በሦስተኛው ቀን ከባቱ ጀምሮ ማበጥ ያዘ።

በዚህ ጊዜ ልብ ያለው ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል። ይበልጣል ሰፊ ሱሪ ከሳጥን አወጣ። ምክንያቱ ለእሱ ግልጽ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የደጋውን ትምህርት ቤቶች እየዞረ፣ ተማሪ አሰልፎ፣ «ጫማ አድርጉ፤ በባዶ እግሩ የሄደ ዝሆኔ ይይዘዋል» ሲል ኖሯል። አሁን የሰባኪው እግር አብጦ ቢታይ፣ ከጨንቻ እስከ ቦንኬ የሚያውቀው ሁሉ ምን ይላል? በዚያው ሰልፍ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለ ይጨርስ እንደነበር አላስታወሰም። ወይም አስታውሶታል፤ ለተማሪ የተነገረ መስሎት ነው።

ሚስቱ ዓለምጸሐይ የደረሰችበት ካልሲውን ማውለቅ አቅቶት ሲታገል አይታ ነው። የጋሞ ልጅ ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ ያየችውን ግን አትረሳም። እግሩን ዳሰሰችው። ይሞቃል፣ ጠንክሯል፣ የቀኙን እጥፍ ሆኗል። ሐኪም ቤት እንሂድ አለች። እሱ ወለምታ ነው፣ ይታሽልኝ ብሎ ወጌሻ አስጠራ። ወጌሻው አቶ ዳልጮ ባቱን በሁለት ጣት ነካ አድርጎ እጁን መለሰ።

«ይሄ አጥንት አይደለም። እኔ አልነካም። ሐኪም ቤት ሂድ ጋሼ» አለና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ።

ወጌሻ የመለሰውን እግር ይዞ ይበልጣል ሆስፒታል ሄደ። ዶክተር ጌዲዮን የሚባል ልጅ እግር ሐኪም በአልትራሳውንድ አየውና ወንበሩን ሳበ። ሁለቱንም አስቀምጦ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰው የውስጠኛው ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል። ይህን ደም ወደ ላይ የሚገፋው የባት እንቅስቃሴ ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ታጥፎ ከተቀመጠ፣ ውሃም ካልጠጣ፣ ደሙ እንደተዘጋ የሙዝ እርሻ ቦይ ይተኛል፣ የተኛውም ይረጋል።

«አደጋው እግሩ ላይ አይደለም ጋሼ» አለ። «ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ ሳንባ ከገባ ሰው እያወራ ነው የሚያልፈው። ወጌሻው አሽቶት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ አንነጋገርም ነበር።»

ዓለምጸሐይ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ይበልጣል ደግሞ በዚያች ሰዓት ያሰበው ያን የመስኮት ወንበር ነበር።

ለጥቂት ቀናት ሆዱ ላይ መርፌ ተወጋ፤ ከዚያ ዋርፋሪን የሚባል፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን ታዘዘለት። በየሳምንቱ ደሙ እየተመረመረ አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ከሁለት እስከ ሦስት መሆን አለበት። ከሁለት ከወረደ ደሙ እንደገና ይረጋል፤ ከሦስት በጣም ካለፈ ሰውየው ይደማል። ዶክተሩ ይህን ካለ በኋላ እስክሪብቶውን አነሣና ያችን ጥያቄ ጠየቀ።

«አንድ ነገር ልወቅ። ይህን መድኃኒት አረንጓዴ ቅጠል ይታገለዋል። ጎመን አለ፣ በተለይ ደግሞ እዚህ አገር ሀለኮ። ሀለኮ ይመገባሉ?»

ሀለኮ፣ ሰሜኑ ሽፈራው የሚለው ዛፍ፣ በጋሞ ቤት ደጃፍ የማይጠፋ ነው። ቅጠሉ ተቀቅሎ ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ጋር ኩርኩፋ ይሆናል፤ የዕለት ምግብ ነው። ይበልጣልና ዓለምጸሐይ በላይኛው የከተማው ክፍል፣ ሴቻ፣ ቤት ሲሠሩም በሩ አጠገብ እናቷ የተከለችላት አንድ ሀለኮ ነበረች። በተጋቡ በዓመቱ ይበልጣል የአገሩን ልጆች ምሳ ጠራ። ሙሽራይቱ ከወጡ ጋር ኩርኩፋም አቀረበች። ይበልጣል ሳህኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ «እኔ ፍየል ነኝ እንዴ ዛፍ የምበላው?» አለ። እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰው የሳቀለትን ቀልድ ደግሞ ማን ይተዋል። በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ ደገመው። በመጨረሻ ቀልዱ ሕግ ሆነና «በሩን ጋርዳብኛለች» ብሎ ዛፏን አስቆረጣት። ከዚያን ቀን ወዲህ ለሃያ ሁለት ዓመት ሀለኮ በቤቱ አልተቀቀለም። ሲያምራት ወንድሟ ኤርጫፎ ቤት ትሄዳለች።

እስከዚህ ያለውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከተማው የማያውቀው፣ ከስድስት ዓመት በፊት ይበልጣል ከመስክ ሥራ ርቦት ሲመለስ በታችኛው ከተማ፣ በሲቀላ፣ ገበያው ጀርባ አሰፋሽ የምትባል ሴት ምግብ ቤት መግባቱን ነው። ሽሮው አልቋል፤ ያለው ኩርኩፋ ብቻ ነው። በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገው። በነጋታው ሽሮ እንዳለ እያወቀ ኩርኩፋ አዘዘ። ጡረታ ከወጣ በኋላማ በየቀኑ ሆነ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ጋዜጣ ላንብብ» ብሎ ከሴቻ በሚኒባስ ይወርዳል፣ ጓዳ በኩል ባለችው ጠረጴዛ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። አሰፋሽ እንደገባ ታየውና ምንም ሳትጠይቅ ታመጣለታለች። አርባ ምንጭ ውስጥ ሰው ውሽማ ቤት ሲገባ እንኳ እንደሱ ግራና ቀኝ አይገላመጥም።

እንግዲህ ዶክተሩ ጠይቆ ይጠብቃል። ዓለምጸሐይ አጠገቡ ናት።

«እኔ?» አለ ይበልጣል። «የዛፍ ቅጠል?»

«እኛ ቤት አይገባም ዶክተር» አለች ዓለምጸሐይ ከልቧ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አይገባም።»

ዶክተሩ «ሀለኮ አይበላም» ብሎ ጻፈ። ይበልጣል ስትጻፍ አያት። ያኔ ተው ማለት ይችል ነበር።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ መተው ነበረበት፤ ይበልጣል ግን የተማረ ሰው ነውና ምክንያት አላጣም። ሀለኮ ቅጠል ነው፣ ኩርኩፋ ግን ምግብ ነው አለ። ደግሞ ገበያ ላይ «ሀለኮ ደም ያጠራል» ሲባል ሰምቶ፣ ደሜ ከታመመ ይጠራ እንጂ ብሎ ወደ ሁለት ሳህን አሳደገው። ቁጥሩ አንድ ነጥብ ሁለት ወጣ። በሳምንቱ አንድ ነጥብ ሦስት። ዶክተር ጌዲዮን ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ ኪኒኑን ከአንድ ፍሬ ወደ አንድ ተኩል፣ ከዚያ ወደ ሁለት፣ ነሐሴ ሲያልቅ ወደ ሁለት ተኩል አሳደገው። እንዲህ ያለ ደም ገጥሞኝ አያውቅም አለ። ይበልጣል ይህን እንደ ሙገሳ ወሰደው።

ኪኒኑን የምትሰጠው ዓለምጸሐይ ናት። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በብርጭቆ ውሃ ታቀርብለታለች፤ ባዶውን የኪኒን ልጣጭ ቀን ጽፋበት በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። ትምህርቷ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከቤተሰቡ ውስጥ የሐኪሙን ቃል እንደተነገረው የያዘው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

መስከረም ገባ። የጋሞ ሰው ደግሞ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ የሚቀረው ዘመድ የሌለውና የታመመ ነው። አሰፋሽም ከበዓሉ አሥር ቀን ቀድማ ቤቷን ቆልፋ ዶርዜ ወጣች። ይበልጣል በሩ ላይ ቁልፉን አይቶ፣ ሰው እንዳያየው መንገድ የጠፋበት መስሎ ተመለሰ። ሀለኮው ቆመ። ሁለት ፍሬ ተኩሉ ግን በየምሽቱ ከች ይላል፤ አሁን የሚታገለው የለም። የሳምንቱም ምርመራ በበዓሉ ምክንያት ወደሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል።

በአምስተኛው ቀን ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ደማ። በማግስቱ ክንዱ ላይ የበለዘ ነገር ወጣ። ይህን ሁሉ ምን አደረገው? ደበቀው፤ እጀ ረጅም ሸሚዝ ለበሰ። የመስቀል ቀን ኤርጫፎ ከነቤተሰቡ መጥቶ፣ ቅቤው ቀልጦ፣ ሥጋው ቀርቦ ሳለ የይበልጣል አፍንጫ መድማት ጀመረ። ቀና በል አሉት፣ ውሃ አፈሰሱበት፣ አልቆም አለ። ነጭ ጋቢው ፊት ለፊቱ ቀላ። ኤርጫፎ መኪና ለመነና ይዘውት በረሩ።

ቁጥሩ ስምንት ነጥብ ሁለት ሆኖ ወጣ። ዶክተር ጌዲዮን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። አፍንጫውን በጥጥ ወተፉለት፣ ክንዱ ላይ መርፌ ሰኩለት። «ይህ ቫይታሚን ኬ ነው» አለ ዶክተሩ፤ «የመድኃኒቱን ኃይል ይሰብረዋል። ጎመን ውስጥ፣ ሀለኮ ውስጥ ያለው ራሱ ነው።» ሃያ ሁለት ዓመት በአፌ አይገባም የተባለው ነገር በክንዱ ገባ። ይበልጣል ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ወለል ብሎ ታየው፤ ከመድማቱም በላይ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፈራ።

ዶክተሩ ወደ ዓለምጸሐይ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«እትዬ፣ አልቆጣም፤ እውነቱን ይንገሩኝ። መድኃኒቱን የሰጡትን ረስተው ደግመው ሰጥተዋል?»

«አልደገምኩም» አለች። ቆርቆሮውን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች፤ በዚያ ሁሉ ግርግር ይዛው ኖሯል። ልጣጮቹን አልጋው ጠርዝ ላይ ዘረገፈችና ቀናቸውን እያነበበች ደረደረቻቸው። ዶክተሩ አያቸው።

«ታዲያ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? ሰውየው የሚመገበው ያው ነው ብላችሁኛል። ያለ ምክንያት እንዲህ አይሆንም።»

ኤርጫፎ እህቱን አየ። ዓለምጸሐይ ልጣጮቹን እንደገና ማንበብ ጀመረች።

«ምናልባት...» አለች፣ «ቅዳሜ ለቅሶ ደርሼ የመጣሁ ቀን... ደክሞኝ ነበር። እኔ እንጃ። ምናልባት ደግሜ ይሆናል።»

ይበልጣል ዝም አለ። ይህን ዝምታ እስከ ዛሬ ሲያወራው ድምፁ ይወርዳል፤ ሳቁም እዚያ ጋ ይቆማል። አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነገሩ በእሷ ላይ ቢቀር ምን ይሆናል ብሎ አስቧል። ደግማ ይሆናል፤ ሰው ይሳሳታል፤ እሱም ይቅር ይላታል። ይቅር ሲላት እንኳ ታየው። ከዚያ እንባዋ ልጣጩ ላይ ጠብ ሲል አየና በራሱ ተጸየፈ።

«አልደገመችም» አለ። አፍንጫው ስለተወተፈ ድምፁ እንደ ሕፃን ነበር። «ሀለኮ እበላ ነበር።»

አልሰሙትም። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሁለተኛ መናገር ነበረበት።

«ሀለኮ እበላ ነበር እላለሁ። ሲቀላ። አሁን ሴትየዋ ለመስቀል አገሯ ስትገባ ተቋረጠብኝ።»

ዶክተር ጌዲዮን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምን ያህል?»

«ሁለት ሳህን። በየቀኑ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስድስት ዓመት» አለ ይበልጣል ወደ ጣሪያው እያየ።

ኤርጫፎ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። ዓለምጸሐይ አልሳቀችም። ልጣጮቹን አንድ በአንድ ለቅማ ቆርቆሮው ውስጥ መለሰች፣ ክዳኑን ገጠመች።

«ማን ናት የምትሠራው?»

«አሰፋሽ። ገበያው ጀርባ።»

ራሷን ነቀነቀችና ወጣች። ይበልጣል አፈረ። ሠላሳ ዓመት በመምህር ፊት ተማሪን፣ በተማሪ ፊት መምህርን ሲያሳፍር ኖሮ፣ ማፈር ምን እንደሆነ ያወቀው ያን ቀን፣ ጥጥ በአፍንጫው እንደተወተፈ ነው።

«ጋሼ» አለ ዶክተሩ፣ «እኔ እኮ ሀለኮ አልከለክልዎትም ነበር። የጠየቅኩት ልኩን ለማወቅ ነው። በየቀኑ እኩል ከበሉ መድኃኒቱን በዚያው ልክ አስተካክለዋለሁ። ችግሩ ዛሬ ሁለት ሳህን፣ ነገ ምንም ሲሆን ነው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከማላየው ሳህን ጋር ስታገል ከረምኩ።»

ቁጥሩ ሲወርድ ወደ ቤት መለሱት። ዓለምጸሐይ አላኮረፈችም፤ ኩርፊያ ቢሆን ይሻለው ነበር። ኪኒኑን በሰዓቱ ትሰጠዋለች፣ እግሩን ትራስ ላይ ትሰቅልለታለች፣ አስፈላጊውን ትናገራለች። በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ የቤቱ ሽታ ተለወጠ። ስድስት ዓመት ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ያሸተተው ሽታ ነው። ኩርኩፋውን ከነድስቱ ይዛ መጣችና ጠርዙ ላይ ቀይ አበባ ባለባት ትንሽ የቆርቆሮ ኩባያ ሰፈረችለት።

«ዶክተሩ በልክ ብሏል» አለች። ከዚያ ተቀምጣ ለራሷም አወጣች። ጥቂት እንደበሉ፣ ቀና ሳትል «ወንድሜ ቤት ቆሜ ነበር የምበላው» አለችው። «ወጥ ቤት ውስጥ፣ እየተጣደፍኩ። አንተ ምሳ ትጠብቃለህ ብዬ።»

ይበልጣል ያችን ኩባያ እንዴት እንደጨረሳት አያውቅም። ያኔ ምሳ ይጠብቃል ያለችው ሰው ሲቀላ ሁለተኛ ሳህኑን እየጠረገ ነበር።

በዚያው ወር የአገሩ ልጆች ሊጠይቁት መጡ። ኩባያዋ ስትቀርብ ሁሉም አፉን ከፈተ፤ አንደኛው «ይበልጣል፣ ፍየል ሆንክ እንዴ?» አለው። «ድሮም ነበርኩ» አለ ይበልጣል፤ «ተደብቄ ነበር የምግጠው።» ከዚያ ከአውቶቡሱ ወንበር ጀምሮ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችው ቀልድ ባለቤቷ ላይ ተመለሰች። ዓለምጸሐይ በበሩ በኩል ቆማ ሰማችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅም ያን ቀን ነው ያየናት ይላሉ እንግዶቹ። እሱ ደግሞ እሷ እንድትስቅ ከዚያ ወዲህ ለማንም ያወራዋል፤ የላቦራቶሪ ወረፋ ላይ ላገኘው ሁሉ ሳይቀር።

ቁጥሩ ሁለት ነጥብ አራት ላይ ረጋ፤ እዚያው ሰነበተ። የካቲት ላይ ዶክተር ጌዲዮን እግሩን በአልትራሳውንድ ደግሞ አየና ኪኒኑ ይበቃል አለ። በረጅም መንገድ ላይ ይውረዱ፣ ይራመዱ፣ ውሃ ይጠጡ። ምግብ ግን እንደ ልብዎ።

«ሀለኮም?» አለ ይበልጣል።

«ዛፉን ሙሉ ቢፈልጉ።»

ከሚኒባሱ ወርዶ ቤቱ ሲደርስ በሩ አጠገብ፣ የድሮዋ ዛፍ በነበረችበት፣ ኤርጫፎ ያመጣት የሀለኮ ችግኝ ጉልበቱ ድረስ ደርሳለች። ቅጠሏን ነካ አድርጎ ገባ። ምሳ ቀርቧል። የዶክተሩን ቃል ነገራትና፣ ኩባያዋን ወደ ጎን ገፍቶ፣ ሰፊ ሳህን አንሥቶ ዘረጋላት።

ዓለምጸሐይ ሳህኑን ከእጁ ተቀበለች። ኩባያዋን ሞላችና ፊቱ አስቀመጠችለት። ድስቱ ውስጥ የተረፈውን በሙሉ በሳህኑ ላይ ለራሷ ገለበጠችው፤ ተደላድላ ተቀመጠች።

«መድኃኒቱ ቆሟል እኮ» አለ ይበልጣል።

«ሰምቻለሁ» አለችው። «ያንተን ድርሻ ሲቀላ በልተኸዋል። ይሄ የኔ ነው።»